ሽንብራ በልተው የወጡት ሌቦች

ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። የሠራቸው ሕንፃዎች ፒያሳ ላይ ዛሬም ቆመዋል። ከዚያ 17 ዓመት ቆይቶ፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1958፣ ማሪዮ ሞኒቼሊ የሚባል ዳይሬክተር ስለ ሮም ችስታ ሌቦች አንድ ፊልም ሠራ። «ኢ ሶሊቲ ኢኞቲ» ይባላል። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን አየነው።

ሌቦቹ ዕቃ በመያዣ እየወሰደ የሚያበድር ቤት ካዝና ሊሰብሩ ይነሳሉ። አንዱ ያልተሳካለት ቦክሰኛ ነው። ሌላው ካሜራውን የሸጠ ፎቶ አንሺ፤ ሚስቱ እስር ቤት ስላለች ሕፃኑን ታቅፎ ይዞራል። ዝግጅታቸው ግን የዋዛ አይደለም። ካዝና አከፋፈት የሚያስተምር አሮጌ ሌባ ሳይቀር አግኝተዋል። በመጨረሻ ከጎኑ ወዳለው ቤት ገብተው ሌሊቱን ሙሉ ለፍተው ግድግዳ ይበሳሉ። የተሳሳተ ግድግዳ! የወጡት እዚያው የገቡበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ምን ያድርጉ? ቁጭ ብለው ፓስታ በሽንብራ ይበላሉ። «እኛ ሰፈር ቢሆን ሽሮ ነበር» አለ ከእኛ አንዱ።

ፊልሙ ውስጥ ሰው ይሞታል። ዕቅዱን መጀመሪያ ያመጣው ሰውዬ ለብቻው ሊዘርፍ ሄዶ ሽጉጥ ይደግናል። ሠራተኛው ግን ሽጉጡን ሊያስይዝ የመጣ መስሎት ተቀብሎ ዋጋ ይገምትለታል። በሳቅ ፈረስን። ሰውዬው ከዚያ ወጥቶ ቦርሳ ሲነጥቅ ትራም ገጭቶ ይገድለዋል። ቤቱ ጸጥ አለ።

«በዚህ ጊዜ ስለ ወንጀለኛ ይሳቃል?» አለች የጓደኛዬ እህት። ጥያቄዋን አልናቅኩትም። እገታ በሰማን ቁጥር አንጀታችን የሚላወስ ሰዎች ነን። በእገታ አይቀለድም። እነዚህ ግን በሰው ሕይወት የሚነግዱ አይደሉም፤ ጎረቤት ናቸው። በሰው ሞት አይሳቅም የሚለኝ ካለ ደግሞ ለቅሶ ድንኳን ገብቶ አያውቅም። ሁለተኛው ቀን ላይ ካርታው ይወጣል፣ የሟች ቀልድ ይነሳል፣ ያለቀሰው ሁሉ ይስቃል።

የእኛ ኮሜዲዎች ይህን ይፈራሉ። ካየኋቸው በአብዛኞቹ ሌባው ፍቅር ይይዘውና በሠርግ ያልቃል። ሳቁም የሚመጣው ፊት ከማጣመምና የባላገር አነጋገር ከማስመሰል ነው። የጎንደር ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህቺ ነገር ትከነክነኛለች። አዝማሪዎቻችን እኮ ባለቤቱን በራሱ ጠላ ቤት በቅኔ ወግተውት ይሸለማሉ። ይህን የሚያህል ቀልድ እያለን ፊት ማጣመም ምን አመጣው?

መጨረሻ ላይ ነግቷል። ቦክሰኛው ከፖሊስ ሲሸሽ የቀን ሥራ ከሚጠብቁ ሰዎች መሃል ይገባል። ግፊያው ይዞት ወደ ሥራ ቦታው ይነጉዳል። ጓደኛው ከውጭ ሆኖ፣ ሥራ ሊያሠሩህ ነው እያለ ይጮኽበታል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ፊልሙ ትዝ አለኝና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አንዱ አየኝ። «ጋሼ፣ ሥራ አለ?» አለኝ።