ጌም ለመስራት ጌም ብቻ ማየት አይበቃም

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት የሰፈሬ ልጆች ላፕቶፕ ከፍተው የሚሰሩትን ጌም አሳዩኝ። ከዩቲዩብ ላይ ብቻቸውን ነው የተማሩት፣ በጣም ነው የኮራሁባቸው። ግን ጌሙ ላይ ያለው ጠመንጃ የያዘ ሰውዬ የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ሲሮጥ ነው። "ለምን ይሄን መረጣችሁ?" ስላቸው "ሰው የሚወደው ይሄን ነዋ" አሉኝ። እዚህ ላይ አልስማማም።

ካታማሪ ዳማሲ የሚባል የጃፓን ጌም አለ፣ ናምኮ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌስቴሽን 2 ያወጣው። አምስት ሴንቲሜትር የሚሆን ሚጢጢ ልዑል ኳስ ይገፋል፣ ኳሱ የነካው ነገር ሁሉ ይጣበቅበታል፣ መጀመሪያ ፒን፣ ከዛ ፍራፍሬ፣ ድመት፣ ሰው፣ መኪና፣ ቤት እያለ ደሴት ሳይቀር ጠቅልሎ ይሄዳል። አባትየው ንጉስ የሰማይን ከዋክብት አጥፍቶ ልጁን በኳሱ ተካልኝ ስላለው ነው። ተኩስ የለ፣ ምን የለ፣ የመጫወቻውን ሁለት አናሎግ ዘንጎች በጣት መግፋት ነው በቃ።

የሰራው ኬይታ ታካሃሺ የተማረው ቅርጻ ቅርጽ ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ በትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ልጆች ከቁመታቸው የሚበልጥ ኳስ ተጋግዘው እየገፉ የሚወዳደሩበት ታማኮሮጋሺ የሚባል ጨዋታ አለ፣ የጌሙ ስር እሱ ነው። ካታማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለስብስቡ መጀመሪያ ከመረጣቸው 14 ጌሞች አንዱ ሆነ። ዜልዳ የሚባለው የኒንቴንዶ ጌምም ቢሆን ፈጣሪው ሚያሞቶ በልጅነቱ ገጠር ውስጥ ዋሻ ሲበረብር የነበረው ትዝታ አለበት።

እኛስ? ያረጀ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ በፌስታል ጠቅልለን፣ በሲባጎ ጥፍር አድርገን አስረን ኳስ አልሰራንም? ሲላላ ሌላ ካልሲ ይደረብበታል፣ ሲቀደድ ሌላ ጨርቅ ይጨመርበታል፣ እያደር እየወፈረ ይሄዳል። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ኳሱ አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው፣ በሱቁ ደጅ አልፎ፣ በተሰጣው በርበሬ መሃል ሰንጥቆ፣ ሮጠህ ካልደረስክበት ቦርከና ወንዝ ነው የሚገባው። ይሄ ራሱን የቻለ ጌም ነው! አዲስ አበባ ያሉት ጌም ሰሪዎች ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥተውታል፣ ኩኩሉ የሚባለው ጌማቸው ላይም የምትሮጠው ዶሮ ናት፣ ስለዚህ አይሆንም ማለት አይቻልም።

ደግሞስ የተኩስ ጌም በመቶ የሚቆጠር ባለሙያ ተሰብስቦ አመታት ፈጅቶበት ነው የሚሰራው፣ ሁለት ልጅ በአንድ ላፕቶፕ በግራፊክስ አይደርስበትም። የጨርቅ ኳሷ ግን የኛ ናት፣ ማንም አልቀደመንም።

ይሄን ሁሉ ስነግራቸው ትንሽየው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና "ከሀረጎ ተራራ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁል ብትንከባለልስ?" አለ። ሌላኛው ቀበል አድርጎ "ጭጋጉን ምን እናድርገው፣ ኳሱ አይታይማ" አለው። ካፌው ሊዘጋ ወንበር እስኪሰበሰብ ድረስ ስለ ጭጋጉ ሲከራከሩ ነበር።