«ቤታችሁ ተቀመጡ» ሲባል ደስ ያለው ሕመም

«በልቼ ነው የመጣሁት» እያለች ማዕድ የምትሸሽ ልጅ በደህናው ጊዜ ውሸቷን ለመጠበቅ ብዙ ትለፋለች። አብራት ምሳ የምትበላ ጓደኛ አለች፤ የስፖርት መምህሩ ሲያዞራት ያያል፤ ለጥየቃ የመጣች አክስት «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ብላ ታፋጥጣታለች። የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2020 ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን እነዚህ ዓይኖች ሁሉ ከላይዋ ተነሡ። ልጅቷና ሕመሟ ብቻቸውን ቀሩ።

የማወራው ስለ አመጋገብ መዛባት ነው። አኖሬክሲያ የያዘው ሰው ውፍረትን እየፈራ ምግብ ይሸሻል፤ ቡሊሚያ የያዘው በብዛት በልቶ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ሊያካክሰው ይሞክራል፤ ማቆም እያቃተው ከልክ በላይ የሚበላም አለ። ብዙ ሰው የቅንጦት በሽታ፣ የልጃገረድ ቅብጠት አድርጎ ያየዋል። አኖሬክሲያ ግን ከአእምሮ ሕመሞች መካከል የሞት መጠናቸው እጅግ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ወንዶችንም ይይዛል፤ እነሱን የሚጠረጥር ስለሌለ እንዲያውም ዘግይቶ ነው የሚታወቅባቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ወረርሽኙ ሕመሙን ማባባሱ ብቻ አይደለም፤ የሕመሙን ምልክት ጉብዝና ብለን ማጨብጨባችን ጭምር ነው። ይህ ሕመም ብቸኝነትን፣ ደንብንና ቁጥጥርን ይወዳል። በዚያን ሰሞን ሦስቱም በአዋጅ ተሰጡት። ቤት መዋል ያወፍራል እየተባለ በየስልኩ ይቀለድ ነበር፤ አሜሪካኖች ቤት ሲዋል የሚጨመረውን 15 ፓውንድ ክብደት ለማለት «የኳራንቲን 15» እያሉ ቀለዱበት። ሳሎኗ ውስጥ በየቀኑ ሰዓታት ስትዘል የምትውል ሴት «ጎበዝ» ተባለች። ለጤነኛው ቀልድ ነው። ታማሚው ግን በውስጡ ሌት ተቀን የሚያንሾካሹክበትን ድምፅ ከውጭም ሰማው።

መንግሥታትም ቢሆኑ ይህን ሕመም አላሰቡትም። ብሪታንያ በጁላይ 2020 ከልክ ያለፈ ውፍረትን የሚዋጋ ዘመቻ ጀመረች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን በኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው ከወጡ ጥቂት ወራት ቢሆናቸው ነው። ውፍረት ኮቪድን እንደሚያከብደው እውነት ስለሆነ ሐሳቡን አልነቅፍም። ከዘመቻው የመነጨው ሕግ ግን ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በእንግሊዝ 250ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው የምግብ ድርጅቶች በምግብ ዝርዝራቸው ላይ የካሎሪ መጠን እንዲጽፉ አስገደደ። ካሎሪ መቁጠርን ለመተው ዓመታት የታገለ ሰው፣ ገደቡ ተነሥቶ ከወዳጆቹ ጋር ሊበላ ሲቀመጥ ያ ቁጥር ታትሞ ጠበቀው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሰው ምግብ ለማከማቸት ሲሻማ የሱቅ መደርደሪያዎች ባዶ የቀሩበት ሰሞን ነበር። ችጋር አእምሮን ምን እንደሚያደርግ ያኔም አዲስ ነገር አልነበረም። በ1944 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረ ጥናት 36 ጤነኛ ወንዶች ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰባቸው። ቀን ሐሳባቸው ሌት ሕልማቸው ምግብ ሆነ፤ ከሰው ራቁ፣ ተነጫነጩ፣ ስለ ምግብ አሠራር የሚያወሩ መጻሕፍትን ሰበሰቡ። ጥናቱ አብቅቶ እንደልባቸው ብሉ ሲባሉ አንዳንዶቹ ጥጋብ የሚባል ነገር ጠፋባቸው። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ የአመጋገብ መዛባት አልነበረባቸውም። እንግዲህ ሕመሙ ቀድሞም ያለበትን ሰው አስቡት። አንዱ ሳይፈራ የሚበላቸው ጥቂት ምግቦች ከገበያ ሲጠፉ ሌላ ከመብላት ጾሙን ማደርን መረጠ፤ ሌላው ደግሞ ለወር ከተከማቸ ምግብ ጋር ቀንም ሌትም ተፋጠጠ።

ሕክምናው ወደ ቪዲዮ ሲዞር የተጠቀሙ አሉ፤ ከክሊኒክ ርቆ የሚኖር ሰው ሐኪም አገኘ፣ ቤት የዋሉ ወላጆችም የልጃቸውን ሳህን ማየት ቻሉ። ግን በመልኩ የሚሠቃይ ሰው ስለዚሁ ሥቃዩ ሲያወራ የገዛ ፊቱ ከስክሪኑ ጥግ ያፈጥበታል። ክብደቱን ቤቱ ይመዘን ሲባልም በሐኪሙ ምክር ከቤት የወጣው ሚዛን በሐኪሙ ትእዛዝ ተመልሶ ገባ።

ውጤቱ በድንገተኛ ክፍሎች ታየ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2022 መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 በሆኑ ልጃገረዶች ዘንድ ከአመጋገብ መዛባት ጋር የተያያዘ ጉብኝት ከጠቅላላው የድንገተኛ ክፍል ጉብኝት ያለው ድርሻ በወረርሽኙ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ነበር። ወረፋ ሲረዝም ደግሞ ማን ይቅደም የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሚዛን ነው። ለማንኛውም ሌላ ሕመምተኛ «ሲብስብህ ተመለስ» ብንል ነውር ነው። ይቺን ልጅ ግን «ክብደትሽ ገና ደህና ነው» ብለን እንሸኛታለን፤ እሷ የምትሰማው «ገና አልከሳሽም» የሚል ነው፣ ቤቷ ገብታም ከምግብ ይበልጥ ትሸሻለች። ክብደቱ ሳይወርድ ልቡ የሚታወክ፣ የደሙ ፖታሲየም የሚዛባ ታማሚ አለ። «ስንት ኪሎ ነሽ?» ከማለት በፊት «ከበላሽ በኋላ ምን ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ አልጋ አይፈጅም፣ ለቀጣዩ ወረርሽኝም ቀጠሮ አያስፈልገውም።