ክቡር ገዢ ሆይ፣ ሳያነቡ ይጫኑ!

ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ ገብቶ ለግማሽ ኪሎ በርበሬ ሩብ ሰዓት የሚከራከር፣ የእንጀራውን ላስቲክ ከጎን አዘንብሎ በጣቱ እየቆጠረ «ይሄ አሥር አይሞላም» የሚል ሰው፣ ስልኩ ላይ ሲደርስ ምን ያህል ቸር እንደሚሆን ያየ አድናቆቱን መሸሸግ አይችልም። ዋሌቱን፣ ማለትም ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ሳንቲም የሚይዝበትን መተግበሪያ፣ ይከፍታል። «ግዛ» ይጫናል፣ «ቀጥል» ይጫናል፣ አሁንም «ቀጥል»። አለቀ። ገዢ ማለት እንዲህ ነው። ሂሳብ የሚቆጥሩት ሎሌዎች ናቸው።

ሎሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ክቡር ገዢ ጠይቀው አያውቁም፤ ክብራቸውም አይፈቅድም። ሜታማስክም ሆነ ትረስት ዋሌት የሚባለው መተግበሪያ ሳንቲም በመጋዘን ይዞ የሚሸጥ ነጋዴ አይደለም፤ ደላላ ነው። «ግዛ» ሲባል እንደ ሙንፔይ፣ ትራንሳክና ባንክሳ ያሉ አቅራቢዎችን ይጠራል። ካርዱን የሚያስከፍለው፣ መታወቂያ የሚጠይቀው፣ ሳንቲሙንም የሚልከው አቅራቢው ነው። ተራ ሰው ይህን ስለሚያውቅ በየአቅራቢው ያንኑ 100 ዶላር አስገብቶ፣ «የሚደርስዎ» የሚለውን ቁጥር ብቻ ጎን ለጎን ያያል። «ኮሚሽን 0» የሚል ጽሑፍ አያሞኘውም፤ ኮሚሽኑ የሳንቲሙ ዋጋ ውስጥ ተሸጉጦ ሊሆን ይችላልና። ክቡር ገዢ ግን ከላይ የተደረደረውን ይመርጣሉ። ከላይ የተቀመጠ ያለ ምክንያት ከላይ አልተቀመጠማ!

በጥቂት በጥቂቱ መግዛታቸው ደግሞ ለብቻው ይወደስ። አንድ አቅራቢ በካርድ ለሚከፍል «4.5 በመቶ፣ ቢያንስ ግን 3.99 ዶላር» ብሎ ጻፈ እንበል። በየሳምንቱ የ30 ዶላር የሚገዛ ሰው 4.5 በመቶ ከፈልኩ ይላል እንጂ የሚከፍለው ከ13 በመቶ በላይ ነው። በአምስት ሳምንት 19.95 ዶላር። ያንኑ 150 ዶላር በአንድ ቀን ቢገዛበት 6.75 ይበቃው ነበር፤ የኔትወርኩን ክፍያ ገና አልጨመርንም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የተባለው? ሄዷል፤ አቅራቢው ቤት ገብቷል።

ክፍያው በክሬዲት ካርድ ሲሆን ቸርነቱ ለባንኩም ይተርፋል። ብዙ ባንኮች ይህን እንደ ዕቃ ግዢ አያዩትም፤ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ በብድር እንደማውጣት ነው የሚቆጥሩት። የራሱ ቅጣት መሰል ክፍያ አለው፣ ወለዱም የወሩ ሂሳብ እስኪመጣ ሳይታገሥ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። ገዢ ደግሞ ይጠበቃል እንጂ አይጠብቅም።

መታወቂያ ላይ ትንሽ ይንገላታሉ። ፓስፖርታቸው ላይ ፀሐይ በቲ እና በኤስ ትጀምራለች፣ ካርዳቸው ላይ በኤስ ብቻ። ማሽኑ አማርኛ አያውቅም፤ ሁለት ፀሐይ አየሁ ብሎ ይመልሳቸዋል። እሳቸውም አጻጻፉን በማስተካከል ፈንታ ያንኑ ሰልፊ አራት ጊዜ ይልካሉ፣ በየጊዜው ፈገግታውን እያሰፉ።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን የኔትወርክ ምርጫቸው ነው። ከዶላር ጋር እኩል እንዲሄድ የተሠራው ሳንቲም፣ ዩኤስዲቲ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም የሚኖርበት ሰፈር፣ ማለትም የሚዘዋወርበት ኔትወርክ፣ ብዙ ነው። ኢተሪየም ላይ አድራሻው በዜሮና በኤክስ ይጀምርና 42 ፊደልና ቁጥር ይሆናል፤ ትሮን ላይ በቲ ይጀምርና 34። ክቡር ገዢ በኢተሪየም በኩል የ200 ዶላር ዩኤስዲቲ ይገዛሉ፣ ይገባላቸዋል፣ እልል ይባላል። ሊልኩት ሲሉ «ለጋስ የሚሆን ኢተር የለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፤ ጋስ የሚሉት የኔትወርኩን የዝውውር ክፍያ ነው። የኢተሪየም ክፍያ በመሠረቱ የሚከፈለው በራሱ ሳንቲም በኢተር ነው፤ ትሮን ላይ ደግሞ በትሮን ሳንቲም በቲአርኤክስ። 200 ዶላሩ ቦቴው ሙሉ ቤንዚን ጭኖ የራሱ ታንክ ባዶ እንደሆነበት መኪና መንገድ ዳር ይቆማል። ተራ ሰው ጥቂት ኢተር አስቀድሞ ይገዛል። ክቡር ገዢ አሁን የ10 ዶላር ኢተር ሊገዙ ይመለሳሉ፣ አቅራቢው ከ30 በታች አልሸጥም ይላል፣ ሌላ 3.99 ይወጣል። እሰየው።

ሲልኩም አድራሻውን ከተቀባዩ አይጠይቁም፤ ካለፈው የላኩበት ዝርዝር ውስጥ ይቀዳሉ። ይህን ልማድ የሚያውቅ አጭበርባሪ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የወዳጃቸውን የሚመስል አድራሻ ፈልፍሎ ዜሮ ዶላር ይልክላቸዋል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ይቀመጥ ብሎ ብቻ። ክቡር ገዢ ፊትና ኋላውን አራት አራት ፊደል አይተው ይልካሉ። መሃሉን ማን ያነባል?

ስለ መሸጥ ብዙ አንልም። አቅራቢው ለዚያች ትእዛዝ ብቻ አንድ አድራሻ ይሰጣል፤ እሳቸው ያስቀምጡትና በወሩ ደግመው ይልኩበታል። ገንዘቡ በሻጩ በራሱ ስም ወዳለ ሂሳብ ካልሆነ አይገባም ይባላሉ፤ የወንድማቸውን ያስገባሉ። (አሜሪካ ያሉ ከሆነ የግብር ቅጽ 1040 ፊት ገጹ ላይ ዲጂታል ንብረት ሸጠው እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። እሱንም ሳያነቡ «አልሸጥኩም» ይላሉ።)

አንድ ቀን ካርዱ ተቆርጦ ሳንቲሙ ሳይመጣ ይቀራል። ተራ ሰው ኢሜይሉ ውስጥ የትእዛዝ ቁጥሩን ይፈልጋል፤ የዝውውር ኮድ ተሰጥቶት ከሆነ ዝውውርን ለማንም በሚያሳዩት ድረ ገጾች፣ ኢተርስካን ወይም ትሮንስካን ላይ፣ ለጥፎ ገንዘቡ የት እንደደረሰ ያያል፤ ካልተሰጠው አቅራቢው ገና አልላከም ማለት ነውና ለአቅራቢው ይጽፋል። ዋሌቱ ላልተቀበለው ገንዘብ የሚመልሰው የለውም። ክቡር ገዢ ግን ቴሌግራም ቡድን ገብተው «የዋሌቱን ሰዎች የምታውቁ እባካችሁ» ይላሉ። ደቂቃ አይሞላም፤ የዋሌቱን አርማ ፎቶው ያደረገ አንድ ትሁት «ድጋፍ ሰጪ» በውስጥ መስመር ይመጣል። ችግሩን ለማየት 12ቱን ቃላት ብቻ ይልኩለት ዘንድ ይለምናቸዋል፤ ከ2048 ቃላት መዝገብ የወጡትን፣ የያዛቸው ሁሉ ዋሌቱን ባዶ ሊያደርግባቸው የሚችለውን፣ ዋሌቱን ሲከፍቱ «ለማንም እንዳይሰጡ» የተባሉትን። ያንን ማስጠንቀቂያም በ«ቀጥል» ነበር ያለፉት። ቃላቱ በስክሪንሹት ስልኩ ውስጥ ስላሉ ፍለጋው አይከብድም፤ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ይጽፋሉ።

ድጋፍ ሰጪው ቸኩሎ አያጣድፋቸውም። «ጋሼ፣ ሰባተኛዋ ላይ አንዲት ፊደል የተሳሳተች ይመስለኛል፤ እስቲ እንደገና በደንብ ያንብቡልኝ» ይላቸዋል።