ማስተካከያ፦ በኖርዘርን ሮክ ጊዜ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ነበረ

ባለፈው ጽሑፌ «እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 ብሪታንያውያን ኖርዘርን ሮክ ባንክ በር ላይ የተሰለፉት የተቀማጭ ገንዘብ መድን ስላልነበራቸው ነው» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ባንክ ሲወድቅ ለአስቀማጮች ገንዘባቸውን የሚመልሰው መድን ነበረ። ሙሉ ግን አልነበረም።

በጊዜው በነበረው የመድን ደንብና የብሪታንያ ፓርላማ የግምጃ ቤት ኮሚቴ በ2008 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነው የመጀመሪያው 2,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ለሚቀጥለው 33,000 ፓውንድ 90 በመቶ ይከፈል ነበር። ከዚያ በላይ ምንም። 20,000 ፓውንድ ያጠራቀመች ጡረተኛ እናስብ። ባንኩ ቢወድቅ 1,800 ፓውንዷን ውሃ በላው ማለት ነው። የቀረውን ለማግኘትም ወራት ልትጠብቅ ትችላለች። ታዲያ ገንዘቧን ለማውጣት በጠዋት ወጥታ ብትሰለፍ ምን ይገርማል?

ስህተቱ መደምደሚያዬንም ይቀይረዋል። «መድን ካለ ሰው አይደናገጥም» ያልኩትን ሰርዣለሁ። ወሳኙ መድኑ ምን ያህል እንደሚሸፍንና ቶሎ መክፈሉ ነው። ሰልፉ የረገበውም የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊስተር ዳርሊንግ ሴፕቴምበር 17 ቀን በባንኩ ላለው ተቀማጭ ሁሉ መንግሥት ዋስ እንደሚሆን ካስታወቁ በኋላ ነው። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ደግሞ ሽፋኑ እስከ 35,000 ፓውንድ ድረስ መቶ በመቶ ሆነ።