በለንደን አማርኛ፣ በአዲስ አበባ እንግሊዝኛ

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ሄጄ እናቴን አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል አስገባኋት። ስሙ ይቅር። ወለሉ ያበራል። እኔ የማውቀው በረኪና በረኪና የሚል ኮሪደር የለም። ካርድ አውጥተን፣ ተራ ጠብቀን ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጋውኑ በረዶ የመሰለ፣ ክራቫቱ ቀጥ ያለ። "ውጭ አገር ነው የሚመስለው" አልኩ በልቤ።

ኋላ ሳስበው ግን ሳቄ መጣ። እኔ በምኖርበት እንግሊዝ እኮ ሐኪም ነጭ ጋውን አይለብስም! በፈረንጆቹ 2007 የወጣ መመሪያ አለ፤ ከክርን በታች እጅ ባዶ ይሁን ይላል። በሽተኛ ሲታከም ረጅም እጅጌ የለም፣ የእጅ ሰዓት የለም። ክራቫትም ይቅር ተብሏል፣ ማን ያጥበዋል? ልብሱ ራሱ በሽታ ማስተላለፉ በማስረጃ ባይረጋገጥም፣ እጅን እስከ አንጓ ለመታጠብ እጅጌ እንቅፋት ነው። የእኛን ሐኪም ጋውን ምሳ ሰዓት ላይ ፊት ለፊት ካለው ካፌ አየሁት፤ ማኪያቶ እየጠጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸው አምስት ጊዜያት ብሎ ያወጣው ዝርዝር አለ። የመጀመሪያው በሽተኛውን ከመንካት በፊት ነው። ሳኒታይዘሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የእናቴ ሆድ ተነካ፣ ሳኒታይዘሩ እዚያው ቀረ።

እሱንስ ተዉት። የከነከነኝ ሌላ ነው። ሐኪሙ ከጎኑ ከቆመው ተማሪ ጋር ስለ እናቴ ያወራል፣ በእንግሊዝኛ። እናቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። መጨረሻ ላይ ወደ እሷ ዞሮ "እማማ፣ ይህን ይውሰዱ፣ ከሳምንት በኋላ ይመለሱ" አለ። አለቀ። ስሙን እንኳ አልነገራትም።

ንቀት ነው አልልም። ሕክምና በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት፣ ካርዱም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ውጭ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ይጠብቃል።

ግን ለንደን ያለችው ጎረቤቴ ትዝ አለችኝ። እድሜዋ የገፋ ኢትዮጵያዊት ናት። ላስተረጉምላት አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ገና ስንገባ ስሟንና ሥራዋን ነገረችን። ይህ ልማድ የተስፋፋው ኬት ግሬንጀር በምትባል ሐኪም ዘመቻ ነው። ካንሰር ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ በፈረንጆቹ 2013፣ ባልደረቦቿ ስማቸውን ሳይነግሯት እንደሚያክሟት አስተዋለች። ዘመቻውን ጀመረች፣ በ2016 አረፈች።

ነርሷ እኔን ግን አላስተረጎመችኝም። ዘመድና ጓደኛ አይሆንም አለች። ስልኩን በስፒከር ከፈተች፣ ከውስጡ "ጤና ይስጥልኝ እማማ" የሚል የአስተርጓሚ ድምፅ ወጣ። ጎረቤቴ ሊያስለቅሳት ደረሰ። በአማርኛ በሽታዋን ሰማች፣ በአማርኛ ጠየቀች። መጨረሻ ላይ ነርሷ "መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ይንገሩኝ" አለቻት። "ፈተናም አለው እንዴ!" አለች ጎረቤቴ።

እንግሊዝ ገነት ነው እንዳትሉኝ። የስፔሻሊስት ሕክምና ለመጀመር 18 ሳምንት የሚባለው ገደብ ራሱ ስንቴ ይታለፋል። እናቴ ሐኪሟን ያየችው በዕለቱ ነው፣ ይህን ለንደን ባወራው ማን ያምነኛል?

የእኛም ጤና ሚኒስቴር ቢሆን ነገሩን አላጣውም። በ2008 ዓ.ም በጀመረው እቅዱ "ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" ባለሙያ ይኑር ብሏል። ግን በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ተናጋሪ እናትን በአማርኛ ለማናገር ምን በጀት ይጠይቃል?

ታክሲ ውስጥ እናቴን "ምን አለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

"እኔ እንጃ ልጄ" አለች። "ጋውኑ ግን እንዴት ነጭ ነው!"