ጭላዳው እየሳቀ አይደለም

የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ የተከፈተው ለመርዶ ነበር። ድሮ ጥሩምባ ነፊ ነበረን። ሌሊት 10 ሰዓት፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ ጋቢውን ተከናንቦ እየነፋ ሰፈሩን ይዞር ነበር። ሰውየው አረጀ፤ የሚተካውም ጠፋ። ወጣቶቹ «ግሩፕ እንክፈትና እንገላገል» አሉ። ጸሐፊው ደንቡን ከላይ ሰካው፦ «እዚህ የሚጻፈው መርዶና የመዋጮ ማስታወሻ ብቻ ነው።»

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው አልሞተም። እግዜር ይመስገን፤ ግን ግሩፑ ጭር አለ።

አንድ ቀን ጠዋት ራሱን «ቆፈን» ብሎ የሰየመ አባል ፎቶ ለቀቀ። ሌሊቱን ገመድ ላይ ያደረ ሱሪ ነው። ውሃው ረግቶ በረዶ ሆኗል። ሱሪው ያለማንም ድጋፍ ግቢው መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ «ሚስቴ አልከፍትም ብላኝ» ይላል።

ደንቡ ያን ዕለት ሞተ። መርዶውን የጻፈ ግን የለም።

ሥራ ወስዷቸው ሸዋ ሮቢት የወረዱ አባላት አሉን። እኛ 2800 ሜትር ላይ ተሰቅለን እንንቀጠቀጣለን። እነሱ በዚያው መንገድ ጣርማበርን ተሻግረው፣ ደብረ ሲናን አልፈው፣ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ያልባቸዋል። እኛ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበን የተነሳነውን ስንልክ፣ እነሱ በካናቴራ ሆነው ማንጎ ሲገምጡ ይልካሉ። «እናንተ ጋ ሬሳ አያድርም» እንላቸዋለን። «እናንተ ጋ ደግሞ የሞተው ካልሞተው በምን ይለያል?» ይሉናል። ይህ ሁሉ በእድር ግሩፕ ነው እንግዲህ።

መብራት ሲጠፋማ አይጣል ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋን እንደቆረቆሩ፣ ስሟም ከዚያ እንደመጣ ልጅ አዋቂው ያውቃል። አንዱ የሻማ ፎቶ ለጥፎ «ንጉሡ ያዩት ይሄንን ነው» አለ። የሰፈራችን መሪጌታ ተቆጥተው የስድስት ደቂቃ ድምፅ ላኩ። ማንም አልሰማውም። ሁሉም ላይክ አደረገው።

ቀልድ የሚያብራራም ሰው አለን። «ሱሪው የቆመው ስለረጋ ነው፤ ሰው የለበትም» ብሎ ይጽፋል። ማንኛውንም ፎቶ «ይሄ እኮ የቆየ ነው» የሚልም አለን። እሱ ግን አንድም ቀን አዲስ ልኮ አያውቅም።

እኔን የሚገርሙኝ ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ጋሼ ሲስቁ ያየ የለም። ፊታቸው ጣርማበር ላይ የተጠረበ ድንጋይ ነው። ጥርሳቸው የሚታየው ቆሎ ሲበሉ ብቻ ነው። ግሩፑ ላይ ግን እንደሳቸው የሚስቅ የለም። «ሃሃሃሃሃሃሃ» ብለው ሁለት መስመር ይሞላሉ።

አንድ ምሽት አረቄ ቤት እሳት ከበን አምስት ሆነን ተቀምጠናል። አምስታችንም ስልክ ላይ አቀርቅረናል። የኔ ስልክ ጮኸ። ጋሼ «ሃሃሃሃሃሃሃ በሳቅ ሞትኩ» ብለዋል። ቀና ብዬ አየኋቸው። ከኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው። መለኪያቸውን ጨብጠው እሳቱን በቁጣ ያዩታል።

«ጋሼ፣ አሁን ሳቁ እንዴ?»

«አዎ፣ ሳቅኩ።»

«መቼ?»

«አልደረሰህም? ላክሁት እኮ!» አሉና ኔትወርኩን ረገሙት።

ከዚያ በኋላ ነው ጭላዳው የመጣው። የአንድ አባል ልጅ መንዝ ጓሳ ሄዶ ጭላዳ ፎቶ አነሳ። ጭላዳው የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ፣ ድዱን አስጥቶ፣ ጥርሱን አግጥጧል። ልጁ ስቲከር አደረገው። ከዚያ ወዲያ ማንም «ሃሃሃ» ብሎ መጻፍ ቀረ። ደሞዝ ገባ፣ ጭላዳ። ደሞዝ አለቀ፣ ጭላዳ። አማቴ መጡ፣ ሦስት ጭላዳ። ጣታችን እንኳ ከመሳቅ አረፈ።

አንድ የባዮሎጂ መምህር አለን። ሰው ሲደሰት አይወድም። «ለመረጃ ያህል» ብሎ ጀመረ። «ጭላዳ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ እየሳቀ አይደለም። ወይ ፈርቷል፣ ወይ ሊያስፈራራ ነው።» ግሩፑ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «መዋጮ ያልከፈለ አባልም እንደዚያው ነው» የሚል መጣ። ከሥሩ አሥራ አንድ ጭላዳ።

በመጨረሻ የተፈራው ደረሰ። አንድ ሌሊት እውነተኛ መርዶ ተጻፈ። የአንዲት እትዬ ታላቅ ወንድም መሐል ሜዳ አርፈዋል። ቀብር 6 ሰዓት። አባላት «ነፍስ ይማር» እያሉ ተከታተሉ። ጋሼም እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ፣ መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ እጃቸው የለመደውን ምስል ፈልገው ተጫኑ።

ጭላዳው ወጣ። ድዱ እስከ ጥግ።

ማን ይናገር? ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ አይቶ ዝም። ይባስ ብሎ ከእንቅልፉ የባነነ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ ከላኩማ» ብሎ መሰለኝ፣ እሱም ጭላዳ ደገመ።

ከሠልስቱ በኋላ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንኳን ማስቀመጫው በር ላይ ተሰበሰብን። ጸሐፊው በደንቡ መሠረት ቅጣት ይገባል አለ። ጋሼ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ጭላዳው እየሳቀ አይደለም። መምህሩ እዚሁ አሉ፣ ይመስክሩ። ደንግጦ ነው። እኔም መርዶውን ሳይ ደነገጥሁ። የደነገጠ ጭላዳ ላክሁ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

ሁሉም ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ «በሳይንስ ልክ ናቸው» አለ። ከኋላ አንዱ «በሳይንስ ልክ ከሆኑ በእድር ይቀጡ» አለ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። 50 ብር ተፈረደባቸው።

ቅጣት የሚቀበለው ደግሞ ገንዘብ ያዥ ነው። ጋሼ ከግራ ኪሳቸው 50 ብር አወጡ። ቆጥረው ለራሳቸው ሰጡ። ቀኝ ኪሳቸው ከተቱት። ደረሰኝ ቆርጠው «ከጋሼ» ብለው ሞሉት፣ ፈረሙበት። ፊታቸው ያው ድንጋይ ነው። ደረሰኙንም ሰው እንዳይጠረጥር ብለው ፎቶ አንስተው ግሩፑ ላይ ለጠፉት።

ለሁለት ደቂቃ ማንም ትንፍሽ አላለም። ከዚያ አንድ ጭላዳ ብቅ አለ። ማን እንደላከው ለማየት ሁላችንም ስልካችን ላይ አቀረቀርን።

የሟች እህት ናቸው።