ማስተካከያ፦ የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች ስለሚሠራ የጫማ የውስጥ ሶል

ስለ ስኳር ሕመምና ስለ እግር ቁስል ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ ውስጥ «ማንኛውም ለስላሳ የውስጥ ሶል የዳነ ቁስል እንዳያገረሽ ይከላከላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሚከተለው ማብራሪያ ተተክቷል።

ቁስላቸው ከዳነ ሰዎች መካከል 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ፤ ቆዳው ቢገጥምም የነርቭ ጉዳቱና የእግሩ ቅርጽ መዛባት ባሉበት ስለሚቆዩ፣ ሰውየው ሕመም ሳይሰማው ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ይረግጥበታል። ስለዚህ ወሳኙ የሶሉ ልስላሴ ሳይሆን፣ ለእግሩ ተለክቶ ተሠርቶ፣ ቁስሉ በነበረበት የውስጥ እግር ክፍል ላይ በእርምጃ ወቅት የሚያርፈውን ጫና መቀነሱ ነው። የስኳር ሕመምተኞችን እግር የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ በዚያ ቦታ የሚለካው ከፍተኛ ጫና ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲቀንስ ወይም ከ200 ኪሎፓስካል (የጫና መለኪያ) በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህ ደግሞ በመሣሪያ እንጂ ሶሉን በእጅ ጫን ጫን በማድረግ የሚታወቅ አይደለም።

ጽሑፉ ያላነሳው፣ ነገር ግን ከሶሉ ጥራት የማይተናነስ ጉዳይም አለ። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ ጫናን እንዲቀንስ ተስተካክሎ የተሠራ ጫማ በአጠቃላይ ተሳታፊዎች ዘንድ ጉልህ ልዩነት ባያሳይም፣ ቢያንስ 80 በመቶ እርምጃቸውን በጫማው በተራመዱት ላይ ግን የቁስሉን ማገርሸት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ብዙዎች ቤት ሲገቡ ጫማውን ያወልቁታል፤ ጥቅሙ የሚባክነውም በአብዛኛው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው የዳነ ቁስልን ብቻ ነው። ክፍት ቁስል ያለበት ሰው የውስጥ ሶል ከመጠቀም ይልቅ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል።